ከዶዮገና ቁልቁል የቀባሁት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና

ኖራው አልሆነም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዶዮገና እስከ ሺንሺቾ እያጎነበስኩ በየድንጋዩ ያኖርኩት ነጭ ምልክት በአንድ ዝናብ ታጥቦ ወረደ። ዝናቡ የማረውን ደግሞ ሰው በእግሩ አሸው። ሊዲያ "ቲቸር፣ ያልፈለጉት ምልክቱን ሳይሆን እኛን ነው" አለችኝ። ልክ ናት። የዛሬ ሳምንት አንድ ሰውዬ ዱላውን ግቢው በር ላይ አጋድሞ "ይሄ ደጄ ነው፣ መጋለቢያ አይደለም" ብሎ ብስክሌቴን አሸክሞ መልሶኛል። አንዷ ጥጃዬ ይደነብራል ትላለች። ሌላው ደብዳቤ አምጡ ይላል።

ማስተማሬን ትቼ በስድስት ብስክሌት ማኅበር ካቋቋምኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ስፖርት ያስተማረ ሰው በአርባ አንድ ዓመቱ ሥራ ለቆ ብስክሌት ጋለበ ተብሎ ከተማው ስቆብኛል። ሊዲያ ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን ከኔ በተሻለ ትነዳለች፤ ማኅበሩ ማለት እሷና እኔ ነን። ዳኘ የሚባል የአዲስ አበባ አስጎብኚ አሥራ ሁለት ሰው ከነብስክሌታቸው ይዤ እመጣለሁ ብሏል፤ ታኅሣሥ 4 እና 5። ቅዳሜ ከሆሳዕና ዶዮገና፣ እሑድ ከዶዮገና በወንዙ ሸለቆ ወርዶ ሺንሺቾ። ከወደዱት በየዓመቱ ይመጣሉ። ካልወደዱት አለቀልን። ስለዚህ የማይታጠብ ምልክት ያስፈልገኛል።

ናስረዲን ሱቅ ሄድን። "ቀይ የዘይት ቀለም አለህ?" አልኩት። ጣሳዎቹን ከመደርደሪያ እያወረደ "የማንን ቤት ልታፈርስ ነው፣ ቲቸር?" አለኝ። ከተማ ውስጥ ለመንገድ የሚፈርስ ቤት ግድግዳው ላይ ቀይ ስለሚቀባ ነው። ሳቅን። ሊዲያ አልሳቀችም፤ "ሰማያዊ የለም?" ብላ ጠየቀችው። ነበረው። ቀዩ በጉም ውስጥ ይታያል ብዬ ቀዩን አስጫንኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቸርች መልስ እየጻፍኩ ነው። ሦስት ቀን ቀባን። ቀዩ ያምራል፤ ከማዶ ሸንተረር ሳይቀር ይታያል። በአጥር ምሰሶ፣ በደጅ ድንጋይ፣ መንገዱ ግቢ አቋርጦ በሚያልፍበት ሁሉ አንድ አንድ ቀስት።

የሚገርመው ግን ሰዉ ነው። ዱላውን ያጋደመው ሰውዬ ራሱ በሩን ከፈተልኝ፣ ውሻውን ያዘልኝ፣ ኮፍያውን አወለቀ። "ስንት ሜትር ይወስዳል?" አለኝ። "ሁለት ሜትር ካለ ይበቃናል" አልኩት። አጥሩን ያይ ጀመር። ጥጃዬ ይደነብራል ያለችው ሴትዮ አሬራ ይዛ ወጣች። ደብዳቤ የጠየቀው ደብዳቤውን ረሳው። አንድ ሽማግሌ ብሩሼን እያዩ "እናንተም ታዛችሁ ነው" አሉኝ፤ አንገቴን ነቀነቅኩና መቀባቴን ቀጠልኩ።

ጸሎቴ ተሰማ እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ሊዲያ አሬራውን አልጠጣችም። ሆዴን ነው አለች።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ቸኩያለሁ። የአማቴን የእማማ ትርፊትን ግቢ ቀባሁ። አልነበሩም፤ አርብ የጸሎት ቀናቸው ነው። ሦስት ቦታ፦ የአጥሩ ምሰሶ፣ የደጁ ድንጋይ፣ ከቤቱ ኋላ ደግሞ መንገዱ በእንሰቱ መሃል በሚያልፍበት ትልቁ እንሰት ላይ። መጠበቅ ነበረብኝ። ከተቀመጥኩ ግን ሁለት ሰዓት መሄዱ ነው። እደርስበታለሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

የባለቤቴ የርብቃ እናት ስትሞት ርብቃ አራት ዓመቷ ነበር። ያሳደጓት የእናቷ እህት እማማ ትርፊት ናቸው፤ በእንሰትና በአንዲት ላም አሳድገው፣ አስተምረው፣ ለኔ የዳሯት። ለኔ አማቴ ናቸው። እንደ ድሮ ሰው አማችን ፊት ለፊት አያናግሩም። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን "ጠይቂው፣ በልቷል ወይ?" ይሏታል ርብቃን በከምባትኛ። ቋንቋቸውን እሰማለሁ፤ ቢሆንም ርብቃ ትጠይቀኛለች፣ እመልሳለሁ፣ መልሳ ትነግራቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ። አንዳንዴ እንዲያውም ይመቸኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ርብቃ ከአክስቷ ጋር በስልክ አውርታ ወደ በረንዳው ወጣች። ብስክሌት ገልብጬ የኋላ ፍሬን እያሰርኩ ነበር፤ ሽቦው እምቢ ብሎኛል።

"አክስቴ ቀዩ ምንድን ነው ብላለች።"

"ትልቅ ሥራ ነው፣ እንዳይነኩት በያት።"

"የምን ሥራ?"

"ርብቃ፣ እጄ ላይ ያለውን ግራሶ አታዪም? ሥራ ነው በያት።"

ገባች። ሌላ ነገር ልትለኝ ነበር መሰለኝ። ትምህርት ቤቱን ከለቀቅኩ ወዲህ እንዲህ ነው የምናወራው፤ አንዳችን በር ላይ ሆነን። ብስክሌቶቹ ከኔ የተሻለ ቦታ ቤት ውስጥ አላቸው ትላለች። ግማሹ እውነት ነው።

ለእማማ ትርፊት በራሴ አፍ ማስረዳት ይገባኛል። ስልክ ብደውል ድምፄን ሲሰሙ ለጎረቤት ነው የሚያቀብሉት። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

አልሄድኩም። ሁለት ጎማ ተቀድዶ ዋለ።

ሊዲያ ከዶዮገና በሚኒባስ ስትመጣ ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ያወሩትን ነገረችኝ። "ከሺንሺቾ ሃያ ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት ይመጣል አሉ፤ ቀይ የተቀባ ሁሉ ተነሺ ነው።" "ካሳስ?" "ገማቹ እስኪመጣ ዶዘሩ ይቀድማል። የአጎቴን ባሕር ዛፍ አላየህም? ቆርጦ የሸጠ ተጠቀመ፣ የጠበቀ ቀረ።"

"ቲቸር፣ ዛሬውኑ ነው መንገር ያለብን" አለች ሊዲያ።

አስቢው እንጂ አልኳት። አሁን መንገድ አይደለም፣ ብስክሌት ነው ብንላቸው ሁሉም ዱላውን መልሶ ያጋድማል። አንድ ወር ከአሥር ቀን ቀረን። እንግዶቹ ካለፉ በኋላ ሰዉን ሰብስበን፣ ለስላሳ ገዝተን፣ በደንብ እናስረዳለን። "ደግሞስ በወሬ ቤቱን የሚያፈርስ ማን አለ?" አልኳት።

ሊዲያ የብስክሌቱን ካቴና ማጽዳት ቀጠለች። ስታኮርፍ እንደዚያ ናት፤ የጸዳውን መልሳ ታጸዳለች።

እዚህ ላይ ይጻፍልኝ፦ ውሸት አልተናገርኩም። መንገድ ይመጣል ብዬ ለማንም አልነገርኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዳኘ ቪዲዮ ላክ ስላለኝ ስልኬን ደረቴ ላይ አስሬ ብቻዬን ወረድኩ። ከዶዮገና ጫፍ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ የአምበሪቾ ተራራ ከጉሙ በላይ ራሱን ብቻ አውጥቷል። ከዚያ ቁልቁል። መጀመሪያ የቀይ አፈር መንገድ፣ ሁለት እጅህን ፍሬን ላይ ይዘህ፣ ከዚያ የቆሙት የድሮ ድንጋዮች ያሉበት መስክ። ከኔ ቁመት የሚበልጡ አሉ፤ ማን እንዳቆማቸው ማንም አይነግርህም፤ ላሞች ጀርባቸውን ያኩባቸዋል። ቀጥሎ እንሰት ለእንሰት፤ ቅጠሉ ትከሻህን እየመታ፣ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ። ከዚያ ድንገት ወንዙ። ውኃው እስከ ፔዳሉ ደረሰ፤ ጫማዬ ሞላ። ብቻዬን ጮህኩ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሆንኩ መሰለኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለሃያ ደቂቃ ርብቃን፣ ዳኘን፣ ቀለሙን፣ ሁሉንም ረሳሁ። ዓመቱን ሙሉ የደስታ ቀኔ ይህ ብቻ ነው።

በእማማ ትርፊት ግቢ ሳልፍ ደጅ አልነበሩም። ደወሌን መታሁ፤ ማንም አልወጣም። አልቆምኩም፤ ቪዲዮው ይቆረጣል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ከሸንተረሩ ላይ ሆኜ እማማ ትርፊት ግቢ ብዙ ሴቶች አየሁ። ሃያ ይሆናሉ። ዘፈን ይሰማል፤ እንሰት ሲፋቅ ሴቶቹ የሚቀባበሉት ዓይነት ዘፈን። ለአንድ ሰርግ እያዘጋጁ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በዚያ ሰፈር በዚህ ሰሞን የሚያገባ ሰው አላውቅም።

ወንድ ልጅ ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት አይቆምም፤ ነውር ነው። ስለዚህ በታችኛው መንገድ ዞሬ ሄድኩ። በታችኛው መንገድ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ርብቃ ትናንት ዶዮገና ሄዳ ዛሬ ከሰዓት ተመለሰች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

"ነቅላዋለች" አለች።

"ምኑን?"

"እንሰቱን። ሁሉንም።"

ሰማኋት፣ ግን አልገባኝም። ሁሉንም ማለት ምን ማለት ነው? የደረሰውን ነው ወይስ? "ሁሉንም አልኩህ። የስድስት ዓመቱን፣ የአራቱን፣ አምና ያዛወረችውን። ከጉልበቴ የማይበልጠውን ለላሟ ሰጥታዋለች። ጎረቤት ጠርታ ሦስት ቀን አስፋቀች። ጉድጓድ አልበቃ ብሎ ጓሮውን በሙሉ ቆፍረዋል።"

ለማያውቅ ሰው፦ እንሰት የዘንድሮ ሰብል አይደለም። ዛሬ የምትበላውን የተከልከው የዛሬ ስድስት ሰባት ዓመት ነው። እያንዳንዱን ዕድሜ እኩል እያደረግክ ካልሄድክ መሃል ላይ ረሃብ ይገባል። አንድ ሴት የምትመሰገነው በዚያ ነው፤ ጓሮዋ ውስጥ ሁሉም ዕድሜ ሲኖር። የእማማ ትርፊትን ጓሮ ለማየት ሰው ይመጣ ነበር። አሁን በጉድጓድ የቀበሩት ቆጮ ምናልባት አንድ ዓመት ተኩል ይበላል። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስተኛው ዓመት ባዶ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው።

"ለምን አልጠየቀችኝም?" አልኩ። ጮኼ ነበር።

ርብቃ ቦርሳዋን አወረደች። "ጠይቃሃለች። በኔ በኩል ጠይቃሃለች። ትልቅ ሥራ ነው፣ እንዳይነኩት አልክ።"

"እንዳይነኩት ያልኩት ቀለሙን ነው!"

"እኔ ምን አውቄ? የምን ሥራ ስልህ እጄ ግራሶ ነው አልከኝ።"

ከዚያ ተቀመጠች። "ምን አለችኝ መሰለህ? 'ባልሽ የሚበላው ከዚያ ሥራ ነው፤ ደግሜ ብጠይቀው በኔና በእንጀራው መሃል አቆመዋለሁ። ከሚቸገር እኔ ዝም ብዬ የኔን ልሰብስብ።' አንተን እንዳታስቸግር ነው የነቀለችው፣ አሞጽ። ሌሎቹ ገና እያዩ ናቸው፤ እሷ ግን የአማቿ እጅ የቀባውን አይታ አመነች።"

ይህን ስጽፍ ብዙ ሰዓት ሆነኝ። ርብቃ በትክክል ብታስተላልፍ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰማያዊ ቀለም ነበረ። ሚኒባስ ውስጥ የተባለውን ሊዲያ ከነገረችኝ አሥራ ስድስት ቀን ሆኗል። አፍራለሁ፤ በጣም አፍራለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሄድን፤ ርብቃና እኔ። የቤታቸው ጓሮ ድሮ ከገባህ የማትወጣበት ጥላ ነበር። አሁን ከደጅ ቆሞ ወንዙ ይታያል።

አባባ ሲላስ ነበሩ፤ የቸርቻቸው ሽማግሌ፣ ጎረቤትም ናቸው። እማማ ትርፊት እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀመጡ። እጃቸው በእንሰቱ ጭማቂ ጠቁሯል። ቆሜ ተናገርኩ። መንገድ የለም አልኩ። ዶዘር የለም፣ ገማች የለም፣ መንግሥት አላዘዘኝም። ቀዩን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ለብስክሌት፣ እንግዶች መንገድ እንዳይጠፋባቸው። ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ። 

 አባባ ሲላስ "ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉኝ። "ለብስክሌት ብሎ ይህን ሁሉ ቀለም የሚጨርስ ማን አለ? ልጅ ቢሆን ይሁን። አንተ አስተማሪ ነህ።"

"እውነቴን ነው፣ አባባ።"

"እናውቃለን። ሰዉ እንዳይደነግጥ እንዲህ በሉ ይሏችኋል። በከተማም መጀመሪያ ለውበት ነው የምንቀባው ብለው ነበር አሉ። በአንተ አንፈርድም።"

እማማ ትርፊት ለርብቃ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሏት። ሰምቼዋለሁ፤ እሷ ግን ደግማ ነገረችኝ፦ "አልተቀየምኩም በይው። ፊቱ ከስቷል፣ ይብላ በይው።"

ከአዲሱ ጉድጓድ የወጣ ቆጮ በጎመን ሰጡኝ። ገና አልደረሰም፤ ጥሬ ጥሬ ይላል። ጨረስኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አባባ ሲላስን ለምኜ በቸርች እንዲነገር አደረግኩ። እኔም ተገኘሁ። መድረክ ላይ ወጥተው "ወንድማችን አሞጽ መንገድ የለም ይላል" አሉ። ሰዉ አጉተመተመ። ከዚያ ወንጌላዊው "በሥራው ጫና ላለበት ወንድማችን እንጸልይ" አለ። አምስት መቶ ሰው ተነስቶ ጸለየልኝ። አጠገቤ የነበረች ሴት እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ አለቀሰች።



ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ከሊዲያ ጋር ግራጫ ቀለም ይዘን ወጣን። ቀዩን እያንዳንዱን ሸፈንን። ድንጋዩን፣ ምሰሶውን። እማማ ትርፊት ግቢ ሁለቱን ሸፈንኩ። ሦስተኛው የነበረበት እንሰት የለም።

ሊዲያ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረችው፤ "ብሩሽ" ነው ያለችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ባሰ። "ሁለተኛው ቀለም ተቀባ" እየተባለ ነው። ቀዩ ለምዝገባ፣ ግራጫው ውሳኔው ሲጸና ነው አሉ። ይህን ማን እንደፈጠረው አይታወቅም፤ ትናንት በዶዮገና ገበያ ሁሉም ያውቀው ነበር።

ሁለት ግቢ ዛሬ ጠዋት እንሰታቸውን ነቀሉ። አንዱ ያ ዱላውን ያጋደመው ሰውዬ ነው። ሄጄ በር ላይ ቆሜ "በእናትህ፣ ተው" አልኩት። "አይዞህ፣ አንተን አልወቅስም" አለኝ። ዶማውን አላቆመም።

ሊዲያ ጉዞው ይሰረዝ አለች። አንድም ብስክሌት በዚያ ባያልፍ ቀስ በቀስ ያምናሉ አለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። ለዳኘ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። ቁጥሩን ፈልጌ አገኘሁት። አልደወልኩም። ብስክሌቶቹን በዓይናቸው ሲያዩ ነው የሚያምኑት አልኳት። አሥራ ሁለት ሰው ሄልሜት አድርጎ ፔዳል እየመታ ሲያልፍ፣ ያኔ የአሞጽ ቃል እውነት ነበር ይላሉ። ይህንን ለሊዲያ ስነግራት ራሴም አመንኩት።

ርብቃ ጓዟን ይዛ አክስቷ ጋ ሄዳለች። ጉድጓዶቹን የሚያግዝ ሰው ያስፈልጋል አለች። መቼ እንደምትመለስ አልጠየቅኳትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

አርባ የእንሰት ችግኝ ከሆሳዕና ገበያ ለቅሜ ከሊዲያ ጋር በሁለት ብስክሌት ጭነን ወሰድን። ጥሩ ጥሩውን፣ የወገብ ቁመት ያለውን ነው የመረጥኩት፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያተርፍላቸዋል። ዘንድሮ ከተተከለ የሚተርፍ ነገር አለ። ካልተተከለ ግን አለቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጉልበቱም አይኖራቸውም። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ ይህን ብቻ ቢተክሉልኝ።

ደጃቸው ላይ ደረደርኩት። እማማ ትርፊት ወጥተው አንድ በአንድ አዩት። እጃቸውን በቅጠሉ ላይ አሳለፉ። አንዱን አንስተው ሥሩን ሸተቱ። ፊታቸው በራ፤ በእውነት ነው የምለው፣ ለአፍታ በራ። ከዚያ አስቀመጡትና ለርብቃ ተናገሩ።

"ቆንጆ ነው በይው። ግን መሬቱ የኔ አይደለም። በሰው መሬት ምን ብዬ እተክላለሁ? ሆሳዕና ውሰዱትና ከቤታችሁ ኋላ ትከሉት።"

ከቤታችን ኋላ ሲሚንቶ ነው። እዚያው ትቼው መጣሁ። ርብቃ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። "አንድ ጊዜ፣ አንዲት ቀን ቀድመህ ብትነግራት ኖሮ" አለችና ተወችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ዳኘ ደወለ። ቪዲዮውን ወደውታል። "በተለይ ያ ጫካ የመሰለው፣ ቅጠሉ ትከሻ የሚመታው" አለ። እሺ አልኩ። 

ችግኞቹ ደርቀዋል አለች ርብቃ። በአጭር ጽሑፍ ነው የላከችልኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4፣ ዶዮገና

መጡ፤ አሥራ ሁለት። ስምንት ፈረንጅ፣ አራት የአዲስ አበባ ልጆች። ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ነዱ። ፈረሰኛ የተሣለባቸው የድሮ መቃብሮች ጋ ብዙ ፎቶ አነሱ። ሊዲያ ፊት ትመራለች፣ እኔ ከኋላ እሰበስባለሁ። አንዱ ማርሹ ተሰበረ፣ ሠራሁለት፣ ጨበጠኝ። በሌላ ዓመት ቢሆን የሕይወቴ ትልቁ ቀን ይባል ነበር። ነገ ያዩናል። ነገ ያምናሉ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5፣ ሺንሺቾ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ከዶዮገና ስንወርድ ሰዉ ቸርች መሆን ነበረበት። አልሄደም። በየአጥሩ ቆሟል፤ ነጠላውን ለብሶ። ማንም ልጅ አልጮኸም፣ ማንም አልሳቀም። እንግዶቹ እጃቸውን እያወዛወዙ አለፉ፤ ሰዉም ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። እንግዶቹ የብስክሌታቸው መሪ ላይ ትንንሽ የአቅጣጫ መሣሪያ አስረዋል፤ በየመታጠፊያው ቆመው ቁጥር ያነባሉ። አንዷ ድሮን አላት፤ ከመስኩ ላይ አስነሳችው። ወደ ላይ ሲወጣ የሰዉን ፊት አየሁት። ብስክሌት ያየ ሰው ፊት አልነበረም።

እማማ ትርፊት ግቢ ስንደርስ ሊዲያ ሳትቆም ልታሳልፋቸው ሞከረች። ድሮን ያላት ሴትዮ ግን "ኦ!" ብላ ፍሬን ያዘች፤ ሁሉም ቆሙ። ከጓሮው ማዶ ሸለቆው በሙሉ ተዘርግቶ ይታያል፤ ወንዙ፣ ድንጋዮቹ፣ እስከ ሺንሺቾ ያለው ኮረብታ። "ከሁሉም ቦታ የሚያምረው ይህ ነው" አለችኝ። "ለእይታ ብላችሁ ነው ያጸዳችሁት?" ዳኘ ቀልጠፍ ብሎ "በሚቀጥለው ጊዜ ምሳ እዚህ ነው" አለ።

እማማ ትርፊት ከቤት ወጡ። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ለርብቃ ሰርግ የለበሱትን። በሁለት እጃቸው የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ይዘዋል። እኔን አላዩም። በቀጥታ ሴትዮዋ ፊት ሄደው ቆሙ፤ ድሮን የያዘችውን። ደብተሩን ዘረጉላትና በከምባትኛ፣ ረጋ ብለው፣ ትልቅ ሰው በሚናገርበት አነጋገር ተናገሩ።

"እንሰቱን ራሴ አንስቻለሁ፣ አላስቸገርኳችሁም። ቤቱንም ራሴ አፈርሰዋለሁ፤ ዶዘር አትላኩብኝ። ቆርቆሮው ገና ጥሩ ነው፣ ሳይጨራመት ላውርደው። እስከ ገና ብቻ ስጡኝ።"

ሴትዮዋ ደብተሩን ተቀበለች። ገለጥ ገለጥ አደረገችው፣ የትርፊትን ፎቶ አየችና ፈገግ አለች። ወደ እኔ ዞረች።

"ምን አሉ?"

አሥራ ሁለት ሰው ያየኛል። ዳኘ ያየኛል። ሊዲያ ብስክሌቷ ላይ ሆና ታየኛለች፤ እሷም ከምባትኛ ትሰማለች። እውነቱን ለመናገር አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል። ምናልባትም አልከፈትኩም።

"እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ" አልኩ።

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለእማማ ትርፊት ዝቅ አለችላቸው። ደብተሩን በሁለት እጇ መለሰችላቸው። ሌሎቹም ዝቅ አሉ፣ አሥራ ሁለቱም። አንዱ አጨበጨበ። እማማ ትርፊት ፊታቸው ላይ ትልቅ እፎይታ አየሁ። እሳቸውም እጅ ነሱ፤ ደጅ ያለው ሰው ሁሉ እጅ ነሳ።

ከዚያ ወረድን። ውኃው ቀንሷል፤ ያለ ችግር ተሻገርን። ሺንሺቾ በስድስት ሰዓት ገባን። ዳኘ አቀፈኝ፤ በሚያዝያ ሠላሳ ሰው ይዤ እመጣለሁ አለኝ። ሊዲያ ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ሄልሜቷን መሪው ላይ ሰቅላ፣ ለማንም ሳትናገር የሆሳዕና ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች።

ማታ ርብቃ ደወለች። ለእንግዶቹ የተባለውን አልሰማችም፤ ቸርች ነበረች። አክስቷ የነገሯትን ነው የነገረችኝ።

"በደስታ ነው የምታወራው! 'ለምኜያቸው እስከ ገና ፈቀዱልኝ፣ ትልቋ ሴትዮ ደብተሬን አይታ መለሰችልኝ፣ እጅ ነሳችኝ' ትላለች። ከነገ ጀምሮ ጣሪያውን ልታስወርድ አባባ ሲላስን ሰው ለምንልኝ ብላለች።" ከዚያ ጠየቀችኝ፦ "አሞጽ፣ እንግዶቹ ምንድን ነው የተባሉት?"

"ነገ ጠዋት እመጣለሁ" አልኳት።

"መጥተህ ምን ልትላት?"

ጠበቀችኝ።  ከዚያ ስልኩን ዘጋችው።